ኮሞዶር 64 እና ገዳይ አዳፕተሯ

ኮሞዶር 64 ስትታይ ቡናማ ኪቦርድ ብቻ ነች፤ ኮምፒውተሩ በሙሉ ያለው ግን እዚያው ኪቦርዱ ውስጥ ነው። በ1982 እ.ኤ.አ. በ595 ዶላር ገበያ ስትወጣ 64 ኪሎባይት ሜሞሪ ነበራት። ዛሬ በስልክ የምናነሳው አንድ ፎቶ እንኳ አይገባባትም። እኔ ያደግሁት ጀርመን ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ ቤት አንዷን አገኘሁ። ቴሌቪዥኑ ላይ ተሰክታ ስትበራ «ሬዲ» ብላ ትዕዛዝ ትጠብቃለች። መስመር 10 ላይ ስሜን አትም፣ መስመር 20 ላይ ወደ 10 ተመለስ አልኳት። ስሜ ስክሪኑን ሞልቶ ሲወርድ ያየሁ ቀን ልቤ ተሰረቀ።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ፍራንክፈርት ውስጥ አንድ ሰው አንዷን ከነካርቶኗ ሊሸጥ መሆኑን ስሰማ ዋጋ አልተከራከርኩም። ሻጩ አብርቶ አሳየኝ፤ ትሠራለች። ማታ ልጆቼን ሰብስቤ ሳሳያቸው ግን ፊደሎቹ ተዘበራረቁና ስክሪኑ ድርግም አለ።

አዲስ አበባ ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግኑ የኖሩ አንድ አዛውንት ሰፈራችን አሉ። ይዣት ሄድኩ። ገና ሳይከፍቷት «አዳፕተሯን አምጣ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሞተችው እኮ እሷ ናት።»

«አውቃለሁ ልጄ። እኔ የምፈልገው ገዳዩን ነው።»

በቴስተር ለኩት። 5 ቮልት መስጠት የነበረበት ከ6 አልፏል።

የዚህች ማሽን ትልቁ ጠንቅ ይኸው ነው። የአዳፕተሩ ውስጥ እንደ ድንጋይ በሚደርቅ ሙጫ ተደፍኗል፤ ሙቀቱ በቀላሉ አይወጣም፣ ከፍቶ መጠገንም አይመችም። ሲያረጅ ቮልቴጁን የሚቆጣጠረው ክፍል ይበላሽና ከልክ ያለፈውን ኤሌክትሪክ ሜሞሪው ላይ ይለቅበታል። ርካሽ ሥራ ነው፤ ሆኖም ርካሽነቷን መርገም አይሆንልኝም። የኮሞዶር ኩባንያ መሥራች ጃክ ትራሜል፣ ያ ከአውሽቪትስ የተረፈ ሰው፣ ኮምፒውተር የሀብታም ብቻ እንዳይሆን ዋጋ ሲሰብር ነው የኖረው። እሱ ባይኖር ጎረቤታችን ቤት ከየት ትመጣ ነበር?

አዲስ አዳፕተር ገዝቼ ተመለስኩ። አዛውንቱ ስምንቱን የሜሞሪ ቺፖች በጣታቸው ጀርባ አንድ በአንድ ነካ ነካ አደረጉ። አንዱ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ቶሎ ሰበሰቡ፤ ይፋጃል። የ16ቱን እግሮች ብየዳ በየተራ አቅልጠው፣ እርሳሱን መጥጠው፣ ቺፑን ነቀሉት። በቦታው ሶኬት በይደው አዲስ ሰኩበት። ስናበራት ሰማያዊው ስክሪን መጣ፤ 38911 ባይት ነፃ ነው ይላል። ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ደጋግመው አነበቡት።

ቤታችሁ ኮሞዶር 64 ያላችሁ፣ አብሯት የመጣውን አዳፕተር እባካችሁ አትሰኩት። ዛሬ ተለክቶ ደህና ቢሆን እንኳ ነገ ዋስትና የለውም። አዲስ የተሠራ አዳፕተር ይሸጣል፤ መጀመሪያ እሱን ግዙላት።