አማካሪ ሊቃውንት

በአሜሪካ አገር የመሥራች አባቶችን ሐሳብ ለመጠበቅ የቆመ ተቋም፣ ስማቸው ከነማዕረጋቸው በደብዳቤው ኅዳግ በደቃቅ ፊደል የተደረደረ አማካሪ ሊቃውንት ከሌሉት፣ ታቦት እንደሌለው ደብር ይቆጠራል። እነዚህ ሊቃውንት በ1787 እ.ኤ.አ. ፊላዴልፊያ ላይ በአራት ገጽ ብራና የተጻፈውን ሕገ መንግሥት አንድም እያሉ ሲያመሰጥሩት፣ ተቋሙን የሚደጉመው ባለጸጋ ግብር እንዲቀነስለት መመኘቱ እንኳ ከአባቶች ልቡና የፈለቀ ሆኖ ይገኛል። በፊላዴልፊያው ጉባኤ ከተገኙት 55 መልእክተኞች የፈረሙት 39 ብቻ መሆናቸውን፣ ጆርጅ ሜሰን የመብት ድንጋጌ የለበትም ብሎ ሳይፈርም መቅረቱን፣ ለእንደራሴዎች ድልድል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው መቆጠራቸውን ለሚያነሣ ደፋር ወጣት ግን፣ ሊቁ መነጽራቸውን በዝግታ ወልውለው፣ «ይህስ ለሚመጣው ጉባኤ ይቆየን» ይሉታል። ከመልእክተኞቹ አንዱ ጄምስ ማዲሰን የፊላዴልፊያውን ክርክር ማስታወሻ በሕይወቱ ሳያሳትም ኖሮ፣ መጽሐፉ ከሞተ በኋላ በ1840 እ.ኤ.አ. መውጣቱ፣ ምናልባት አማካሪ እንደሚበዛበት አስቀድሞ ስለ ተገለጸለት ይሆናል። የሚመጣው ጉባኤ እራት ያለው ስለ መሆኑ ግን በመጥሪያው ላይ በጉልህ ተጽፏል፤ በዚህ አንቀጽ ላይ እስካሁን የትርጓሜ ልዩነት አልተነሣም።