ሽጠህ አልቅስ

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ያሉት አበው ቡድንን በአንዴ ያለ ቅጣት የሚያስለውጥ ዋይልድካርድ አልነበራቸውም። በእውነተኛ ተጫዋቾች የምናብ ቡድን የሚሠራው የዘመኑ የፕሪምየር ሊግ ፋንታሲ አሰልጣኝ እንቁላሉ እስኪፈለፈል አይጠብቅም፤ ቅዳሜ ካልተራመደ እሑድ ማታ ይሸጠዋል።

ከአጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ የሚሠራ ወዳጄ የዚህ ጥበብ ሊቅ ነው። ሰኞ ጠዋት «እንዴት አደርክ» አይልም፤ «ሸጥኩት» ነው የሚለው። ማንን እንደሸጠ መጠየቅ አያስፈልግም፤ በሳምንቱ ጎል ያላገባውን ነው። ጨዋታው በ100 ሚሊዮን ፓውንድ 15 ተጫዋቾች ይዞ እንዲጀምር ይፈቅድለታል፤ በየሳምንቱም አንድ ዝውውር በነፃ ይሰጠዋል። ከዚያ ለሚያልፈው እያንዳንዱ ዝውውር 4 ነጥብ ይቆረጥበታል። እሱ ግን ለነጥብ የሚሳሳ ሰው አይደለም። ሁለት ነጥብ ያመጣውን አስወጥቶ፣ 4 ነጥብ ከፍሎ፣ ሁለት ነጥብ የሚያመጣ ሌላ ያስገባል። «ቢያንስ ዝም ብዬ አላየሁም» ይላል። ምን ዓይነት ወኔ ነው!

እንዲህ ያለ ጥበብ በፋንታሲ ታጥሮ መቅረቱ ያሳዝናል። እስቲ ለሰፈራችን እድር እንስጠው። የጡሩምባ ነፊው ድምፅ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ሰልሎ ነበርና ይሸጥ። በምትኩ ከጎረቤት እድር «ወቅታዊ አቋሙ ድንቅ የሆነ» ጡሩምባ ነፊ ይገዛል። አዲሱ ፈራሚ ሰፈሩን ስለማያውቅ መርዶውን በሕይወት ባለ ሰው ደጅ ላይ ይነፋዋል። ድንኳኑም እዚያው ይተከላል። አባወራው ከኪዳን ሲመለስ በሩ ላይ ንፍሮ ሲታደል ያገኛል፤ ይሉኝታ ይዞት እሱም ዘግኖ ከለቀስተኛው መሀል ይቀመጣል። አስለቃሿ ባለፈው ለቅሶ እንባዋ ስለዘገየ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ናት። ሊቀመንበሩ ካፒቴን ስለሆኑ አንድ ጊዜ ሲያለቅሱ ሁለት ተብሎ ይቆጠርላቸዋል። አስከሬን ተሸካሚዎቹ በሌሊት ተለውጠዋል፤ አዲሶቹ አራቱም በግራ ትከሻ ብቻ የሚሸከሙ ናቸውና የሚሸከሙት እስኪገኝ በአንድ ጎን ተሰልፈው ይቆማሉ። ሟቹ በትክክለኛው ቤት ብቻውን ተኝቶ ይጠብቃል። በማግስቱ የተሸጠው ጡሩምባ ነፊ በጎረቤት እድር ሦስት ቀበሌ የሚቀሰቅስ ድምፅ ያወጣል። የኛም እድር አስቸኳይ ስብሰባ ጠርቶ መልሶ ሊገዛው ይወስናል፣ በጨመረ ዋጋ። በዚህ ሁሉ መሀል የሟቹ ሙት ዓመት ይደርሳል።

ትዳርም በዚሁ ሕግ ይመራ፤ ወጡ ጨው የበዛበት ዕለት ሽማግሌ ተሰብስቦ ያፋታ። ሐኪምም ኪኒኑ በአንድ ሰዓት ካልሠራ ሆድ ይክፈት።

የአንድ ሳምንት ነጥብ ስለ ተጫዋቹ ምንም አይነግርህም! መሐመድ ሳላህ በ2024/25 የውድድር ዘመን 344 ነጥብ ሰብስቦ የፋንታሲን ክብረ ወሰን ሰብሯል። በሊጉ ያገባው 29 ጎል ነው፤ ሊጉ ግን 38 ጨዋታ አለው። እንግዲህ ቁጠር፤ ክብረ ወሰን የሰበረው ሰውዬ እንኳ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ ጎል ሳያገባ ወጥቷል። ከዘጠኙ አንዱ ለወዳጄ ይበቃዋል። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ደግሞ ወዳጄን አስቀድመው ያወቁት ይመስላል፤ ዋጋው የጨመረ ተጫዋች ስትሸጥ የሚደርስህ ከትርፉ ግማሹ ብቻ ነው፣ መልሰህ ስትገዛው ግን ሙሉውን ትከፍላለህ።

ቡድን አይነካ አላልኩም። ተጫዋቹ ከተጎዳ፣ ቀይ ካርድ ካየ፣ ከቋሚ አሰላለፍ ከወጣ ወይም ከባድ ጨዋታዎች ከፊቱ ከተደረደሩ ቀይረው። እሱንም ሰኞ አይደለም፤ አሰልጣኞቹ ከጨዋታ በፊት መግለጫ እስኪሰጡ ጠብቅ። ዝውውሩ የሚዘጋው የሳምንቱ የመጀመሪያ ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያልተጠቀምክበት ነፃ ዝውውርም እስከ 5 ድረስ ይጠራቀምልሃል። ከዚህ ሌላ ያለው ምክንያት ሁሉ ንዴት ነው፤ 4 ነጥቡም የሚቆረጥብህ ለእሱ ነው።