የአላርም ውለታ

አዲስ አበባ ውስጥ አላርም የሌላት መኪና የሚነዳ ሰው ያሳዝነኛል። መኪናው ስትነካ ማን ይሰማለታል? የእኛ ብሎክ ግን የታደለ ነው። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ድመት የአንዷ ቪትዝ ኮፈን ላይ ዘለል ስትል፣ ለአምስቱም ፎቅ መርዶ ይደርሳል፤ መጀመሪያ እንደ አምቡላንስ፣ ቀጥሎ እንደ ፖሊስ፣ ከዚያም ስም ባልወጣላቸው ዜማዎች። መስኮት ከፍቶ የሚያይ የለም።

ውለታው ብዙ ነው። ሲኖትራክ ማለፉን ያበስራል። ነጎድጓድ ላልሰማ ይደግምለታል።

ከሁሉም በላይ የተጠቀመው ግን ሌባው ነው። ድሮ ምስኪኑ ስፖኪዮ ሊነቅል ሲመጣ፣ "ቀጭ" ባለ ቁጥር ዘበኛ ይነቃብኛል ብሎ ሲሳቀቅ ያድር ነበር። ዛሬ ጎማዋን በእግሩ ነካ ያደርጋል። አላርሙ ይጮሃል፤ ባለቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ዓይኑን ሳይገልጥ ሪሞቱን ይጫናል። ሌባው እንደገና ነካ፤ እንደገና ጩኸት፣ እንደገና ሪሞት። በመጨረሻ ባለቤቱ "የተረገመ ዕቃ!" ብሎ ጭራሹን አጥፍቶት ይገላበጣል። ከዚህ በኋላ ምን ያስቸኩላል? ከስፖኪዮው ወደ ፍሬቻው፣ ከፍሬቻው ወደ ቸርኬ ክዳኑ ነው። ሌቦች ማኅበር ቢኖራቸው ኖሮ በጸጥታ መሥራት ለጤና ጠንቅ ነው ብለው አቤት ባሉ፣ አላርም ለሚያስገጥም ሁሉ ለፋሲካ ሙክት በላኩ ነበር። ሙክቱም መኪናዋ አጠገብ ታስሮ በሯን በቀንዱ ሲጎሽም ያድርና የነገውን ሥራ ያቃልልላቸዋል።

ኧረ በፈጠራችሁ! የአብዛኞቹ አላርሞች ሴንሰር ላይ ለንዝረት ያለውን ስሜት የምትቀንስ ትንሽ ቪቴ አለች። ካቻቢቴ ይዛችሁ አዙሯት። እንተኛበት!

ግን ማን ሊያዞር? ባለመኪናው በማግስቱ ሱማሌ ተራ ወርዶ ስፖኪዮ ያማርጣል። አንዱን ገልበጥ ሲያደርገው ራሱ በምስማር የጫረው የታርጋ ቁጥር ተጽፎበታል። ተከራክሮ ትንሽ ያስቀንሳል፣ ይከፍላል። ሻጩም የደንበኛው ነገር አንጀቱን ይበላውና አዲስ አላርም ከመደርደሪያ ያወርድለታል፤ "ይሄኛውን ውሰድ ጋሼ፣ ዝንብ ብታርፍበት ይጮሃል።"