ባለ 60 ሳንቲው ማጠፊያ

ሰኔ ሊገባ ሲል የቤታችን አሸንዳ ዝጎ ተበሳ። ባለቤቴ «ባለሙያ ጥራ» አለችኝ። እኔ ግን ሦስት ሌሊት ሙሉ ስልኬ ላይ አፍጥጬ ሰዎች ላሜራን እንደ ወረቀት ሲያጥፉ ሳይ ስላደርኩ፣ ባለሙያው ቤት ውስጥ አለ ብዬ ኮራሁ። በነጋታው መርካቶ ወረድኩ።

ሻጩ «ምን ዓይነት ውፍረት ነው የሚያጥፉት?» ሲለኝ «አንተ ብቻ ጠንካራውን ስጠኝ» አልኩት። የእኔ ቢጤ ገዢ ሲመጣ የነጋዴ ፊት እንዴት እንደሚበራ ማየት ነበር! ሞርሳ፣ የጎማ መዶሻ፣ አፈ ሰፊ ጉጠት፣ በመጨረሻም ባለ 60 ሳንቲ የእጅ ማጠፊያ አሸከመኝ። ዝርግ ቆርቆሮው ጋ ስደርስ ኪሴ ሳስቷል። ባለ 28 እና ባለ 35 ጌጅ ቀረበልኝ። ባለ 35ቱ በዋጋ ይረክሳል፣ በቁጥር ይበልጣል፤ ሳላመነታ አነሳሁት። የጌጅ ቁጥር ባደገ መጠን ቆርቆሮው እንደሚሳሳ የገባኝ ቤት ደርሼ በእጄ ስነካው ነው፤ ይርገበገባል።

አሸንዳው 2 ሜትር መሆኑም ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ማጠፊያዬ 60 ሳንቲ። እያስገባሁ፣ እያወጣሁ፣ እያስገባሁ አጠፍኩት፤ መስመሩ ከጠጅ ቤት የወጣ ሰው አካሄድ ሆነ። 90 ዲግሪ ላይ አድርሼ ስለቀው ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳል። ብረት ከሚፈለገው ጥቂት አልፎ ካልታጠፈ ቦታው ላይ አይረጋም። ይህን ስልኩ ነግሮኝ ይሆናል፤ እንቅልፍ ሸለብ ያደረገኝ ጊዜ መሆን አለበት።

ሽንፈቴን ልሸፍን ብዬ በተረፈው ቆርቆሮ የዕቃ ሳጥን ጀመርኩ። ሁለቱ ጎን ሰተት ብሎ ታጠፈ። ሦስተኛው ላይ አስቀድመው የቆሙት ሁለት ጎኖች ከማጠፊያው ረጅም ምላጭ ጋር ተላተሙ። ለካ ለሳጥን የሚሆነው ማጠፊያ ምላጩ እንደ ጣት የተከፋፈለ፣ መሃሉ እየተነቀለ ክፍተት የሚሰጥ ነው። ባለቤቴ ከበሩ ላይ ቆማ አየችኝ፤ ምንም አላለችም። ብትናገር ይሻል ነበር።

በመጨረሻ የሰፈሩን ቆርቆሮ ሠሪ ጠራሁ። ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ፣ ሁለት ረጃጅም አንግል ብረትና የእንጨት መዶሻ ይዞ መጣ። ቆርቆሮውን በአንግሎቹ መሃል አጣብቆ ጫፍና ጫፉን አሰረ። አንድ ቦታ ላይ አልደበደበም፤ ከዳር እስከ ዳር በስሱ እየመታ፣ ተመልሶ እየመታ፣ ቀስ በቀስ አስተኛው። ቡና ሳይፈላ ጨረሰ።

«ጋሼ፣ ይሄ ሁሉ መሣሪያ የማን ነው?» አለ ዞር ብሎ።

«የጎረቤት» አልኩት።

ማጠፊያው እንደ አዲስ ነው፤ በትክክል ያጠፈው የሳጥን ሁለት ጎን ብቻ ነው። የሚፈልግ ካለ በዋጋ አንጣላም። የ2 ሜትር አሸንዳ ያለበት ግን ባይደክም ይሻለዋል።