እጇን የምታስር ሙሽራ ጠፋች

የልጅ ልጄ ልታገባ ነው። «እንሶስላውስ?» ብላት፣ «አባባ፣ ሂና ቀጥሬያለሁ፤ በሃያ ደቂቃ ያልቃል» አትለኝም! ሃያ ደቂቃ እኮ የስድስት ኪሎን አደባባይ ለመሻገርም አይበቃም።

እንሶስላ እንዲህ በጥድፊያ አይሞቅም። ደጋ ወጥቶ፣ ጥላና እርጥበት ካለበት ሥሩ ይቆፈራል። አበባው ነጭ ነው፤ ከሥሩ ቀይ ይወጣል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ታጥቦ ይወቀጣል፣ እጅና እግር ላይ ይለጠፋል፣ በጉሎ ቅጠልና በጨርቅ ይጠቀለላል፤ ከዚያማ እስኪነጋ ንቅንቅ የለም። ጠዋት ሲፈታ እጁ ፍም መስሏል።

የዘንድሮ ልጅ ቀለሙን አልጠላችም፤ መታሰሩን ነው የፈራችው። ስልኳን በምን ትነካካ? ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ የሰርጋችን ዋዜማ አክስቶቿ ሲያጎርሷት፣ አፍንጫዋን ሲበላት ሲያኩላት ነው ያደረችው። ከሰርጉም በኋላ «ቀለሙ ይለቅብኛል» እያለች ሳህን አጣቢው እኔ ሆንኩ። ይኼን ለልጅቷ አልነገርኳትም።

ሂናን አልነቅፍም፤ እሱም ቅጠል ነው፣ ሐረሮች ከጥንት ያውቁበታል። ያ «ጥቁር ሂና» የሚሉት ግን የፀጉር ማጥቆሪያ ኬሚካል እየገባበት ቆዳ ያቆስላል።

ፈረንጅም የሥር ቀለሙን ከማጣት አላመለጠም። ፈረንሳዮች ጋራንስ የሚሉት ተክል አላቸው፤ የወታደሮቻቸውን ቀይ ሱሪ በሥሩ ነበር የሚያቀልሙት። ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በሞቱበት ዓመት፣ በ1868 እ.ኤ.አ.፣ ግሬበና ሊበርማን የተባሉ ጀርመኖች ያንኑ ቀለም ከድንጋይ ከሰል ዝቃጭ ሠሩትና የአቪኞን አካባቢ ገበሬ ከነሥሩ ከሰረ። እነሱንስ ሳይንስ ረታቸው። እኛን የሃያ ደቂቃ ሂና!

ሽሮ ሜዳ ወጥቼ እንሶስላ ብጠይቅ፣ ሻጯ ልጅ «ነጠላ ነው ቀሚስ?» አለችኝ። እንዲህ ከሆነማ ከስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ሙዚየም፣ ከንጉሡ መኝታ ቤት ጎን፣ መስታወት ውስጥ አስገብተውት የመግቢያ ከፍለን ልናየው ነው። ጃንሆይ በ1954 ዓ.ም ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሲሰጡ መቼም ይኼን አላሰቡም።

ለማንኛውም ሥሩን ከደብረ ብርሃን አስመጥቻለሁ። ሙሽሪት እምቢ ካለች እኔው እሞቀዋለሁ፤ ለተሰነጠቀ ተረከዝ ፍቱን ነው ይላሉ። ሰርጉ ላይም ካልሲ አላደርግም።