የማታው ማስተርስ

ሰፈራችን ዲፕሎማት በዝቶበታል። ቀን ባንክ ወይም ወረዳ የሚውለው ሁሉ፣ ሲመሽ ላፕቶፑን ታቅፎ የፖለቲካ ሳይንስና የዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርሱን ሊማር ይከንፋል። መጀመሪያ የ1648ቱን የዌስትፋሊያ ስምምነት ይማራል፤ ሉዓላዊነት፣ በሌላው የውስጥ ጉዳይ ጣልቃ አለመግባት። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ «የት አመሸህ?» ማለት አትችልም። ቀጥሎ የዓለም አቀፍ ግንኙነት ሊቁ ሞርገንታው ይመጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው መጽሐፍ መንግሥታትን የሚነዳቸው ጥቅም ነው፣ ጥቅሙም የሚለካው በኃይል ነው ይላል። (እድራችን ይህን ካወቀ ቆይቷል፤ ዲግሪ የሰጠው ግን የለም።) ሌላው ሊቅ ዋልትዝ «ከመንግሥታት በላይ አዛዥ የለም» ሲል ደግሞ ተማሪያችን ራሱን ይነቀንቃል፤ ታክሲ ተራ ላይ አይቶታል።

የመመረቂያ ጽሑፉ ርዕስ መቼም ዓባይ ነው። የህዳሴ ግድብ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይችላል፤ የተጻፈለትን ቴሲስ ሁሉ አምጥተው ቢጨምሩበት ግን ማስተንፈሻው የሚበቃው አይመስለኝም። ምዕራፍ አምስት ላይ ምክረ ሐሳቡ ያው ነው፦ ኢትዮጵያ፣ ሱዳንና ግብፅ በግልጽ ይነጋገሩ። አጥኚውና አማካሪው ከተነጋገሩ መንፈቅ አልፏቸዋል።