በ6 ቮልት ከ12 ቮልት ትውልድ ጋር

ዘንድሮ ሙዱላ ውስጥ ከመሸ መንገድ መውጣት ማለት ፊትን በመዳፍ ጋርዶ መሄድ ማለት ሆኗል። ከሐዴሮ በኩል የሚመጣው ሞተር ሁሉ ግንባሩ ላይ ፀሐይ ለጥፏል። አንዱ ነጭ ነው፣ አንዱ ሰማያዊ፣ ሌላው ደግሞ ቀይና አረንጓዴ እያፈራረቀ ይጨፍራል። «ጋሼ፣ እንዴት አመሹ?» የሚል ድምፅ ከብርሃኑ ውስጥ ይወጣል። እኔም ለብርሃኑ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብዬ አልፋለሁ። ሰላም ያለኝ ማን እንደሆነ የማውቀው በማግስቱ ነው፤ ያውም «ጋሼ ኮርተዋል፣ ስሜን እንኳ አልጠሩም» ብሎ ሲያማኝ።

የእኔዋ ያማሃ ዲቲ 125 ነች። የግብርና ሠራተኛ ሆኜ ስነዳት ኖሬ፣ መሥሪያ ቤቱ አሮጌ ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ማንም ሳይሻማኝ የገዛኋት። ሥራ ስትጀምር ይህ አገር በሸዋ ክፍለ ሀገር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል ነበር። ከዚያ ደቡብ ተባልን። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ደግሞ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ነን። ሦስት አስተዳደር አሳልፋለች፤ መብራቷ ግን ያው 6 ቮልት ነው። በ2004 አካባቢ አጠውልግ የሚባለው በሽታ የእኛን የጠምባሮን ዝንጅብል ሳይፈጀው በፊት፣ ከቀበሌ ቀበሌ እየዞርኩ ስለ ዝንጅብል ስሰብክ ውዬ በዚያችው ጭላንጭል ነበር ቤቴ የምገባው። ያን ጊዜ «መብራትህ ደካማ ነው» ያለኝ ሰው አልነበረም። የሁሉም መብራት ደካማ ነበራ!

አሠራሯን ለማያውቅ ልንገረው። የዚች ሞተር የፊት መብራት ከባትሪ አይደለም የሚበላው፤ ከማግኔቶ ነው። ሞተሩ ሲዞር ማግኔቱ በሽቦው ጥቅልል ዙሪያ ይሽከረከራል፤ ኮረንቲ ይወጣል፤ የወጣው በቀጥታ ወደ አምፖሉ ይሄዳል። ነዳጅ ስትሰጣት ትደምቃለች፤ ስትቀንስባት ትፈዛለች። ስለዚህ በቀጥተኛው መንገድ፣ ምንም በማያስፈልግህ ቦታ፣ ቦግ ትላለች። ወደ ወንዙ የሚወርደው ጭቃማ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ቀንሰህ «አሁን አሳዪኝ» ስትላት ዓይኗን ትከድናለች።

ሌላም ጉድ አለባት። ኮረንቲውን የሚመጥን ሬጉሌተር የላትም። የፊቱና የኋላው አምፖል የወጣውን ተካፍለው ነው የሚኖሩት። የኋላው የተቃጠለ ለታ ድርሻው ለፊቱ ይተርፋል፤ የፊቱም ያን ሁሉ አልችል ብሎ ይቃጠላል። ሐዘን እንኳ ሳይቀመጥ ይከተለዋል ማለት ነው። ከረጅም መብራት ወደ አጭር ስታዞር ማብሪያውን መሐል ላይ ካዘገየኸውም ያው ነው፤ ለአፍታ የፊቱ ይቋረጥና ኃይሉ ሁሉ የኋላው ላይ ይወርዳል።

ይህ የእኔ ብቻ ዕጣ እንዳይመስላችሁ። እንግሊዞች ለሞተሮቻቸውና ለመኪኖቻቸው የመብራት ዕቃ ይሠራ የነበረውን የጆሴፍ ሉካስን ኩባንያ «የጨለማው ልዑል» እያሉ ሲቀልዱበት ኖረዋል። ከእነሱ ቀድመው የነበሩት ደግሞ ካርባይድ ላይ ውኃ እያንጠባጠቡ የሚወጣውን ጋዝ እያነደዱ ነበር ሌሊት የሚጓዙት፤ ዛሬ ብየዳ ቤት የምታዩት ያው ካርባይድ። እነሱን ሳስብ እጽናናለሁ።

መከራዬ የጀመረው የእህቴ ልጅ ሲያዝንልኝ ነው። ልጁ በሞተር ሰው እየጫነ ይኖራል፤ ደግ ልጅ ነው፣ ግን ያየውን መብራት ሁሉ ይገዛል። «ጋሼ፣ ኤልኢዲ ያስገቡና ይገላገሉ» አለኝ። የስልክ መለዋወጫ ከሚሸጥ ሱቅ አንድ አምፖል ገዝቶ መጣ፤ ላዩ ላይ 12 ቮልት ይላል። «ልጄ፣ የእኔዋ 6 ናት» ብለው «ችግር የለውም ጋሼ፣ ኤልኢዲ ሁሉንም ይችላል» አለ። አልቻለም። ኤልኢዲ ኮረንቲው ባንድ አቅጣጫ ብቻ ካልሄደለት አይሠራም፤ የእኔ ማግኔቶ ደግሞ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ኮረንቲ ነው የሚሰጠው። መንገድ ስወጣ ጠቀስ ጠቀስ፣ ጠቀስ ጠቀስ። በዚህ ዕድሜዬ መንገደኛውን ሁሉ ስጠቅስ ከረምኩ።

ቀጥሎ ከመቀመጫዬ ሥር የ12 ቮልት ባትሪ ተጠፈረ። «ማን ይሞላዋል?» አልኩ። «ቤት ቻርጅ ያደርጉታላ!» ስለዚህ የሞተሬ መብራት እንዲበራ የቤቴን መብራት መምጣት መጠበቅ ጀመርኩ። ሁለቱ ተነጋግረው የጠፉ ዕለት በጨለማ ሞተሬን እየገፋሁ ስደርስ ባለቤቴ ሻማ ይዛ በር ላይ ቆማለች። «አንተ ሰውዬ፣ ይቺን ሞተሩ ላይ ተክለህ ግባ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሌላ ጎረምሳ «መፍትሔው ሀሎጅን ነው» ብሎ የመኪናውን ኤች 4 አመጣልኝ። ኤች 4 ማለት ረጅሙ 60 ዋት፣ አጭሩ 55 ዋት የሚበላ አምፖል ነው። የእኔ ማግኔቶ የተሠራው 25 ዋት ሊመግብ ነው። አምፖሉ ደግሞ የ12 ቮልት ነው። ውጤቱን መገመት ትችላላችሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ቀይ ክር ብቻ ይታያል። ልጆቹ ዙሪያውን ቆመው «ነዳጅ ስጣት! ነዳጅ ስጣት!» ይላሉ። በሰጠኋት ቁጥር ሰፈሩን በጭስ ሞላችው እንጂ ብርሃን የሚባል አልወጣትም። ትልቅ አምፖል የገዛ ሰው ትልቅ ብርሃን የገዛ ይመስለዋል። ብርሃኑ ግን ከኋላ ካለው ጥቅልል፣ ከሽቦው፣ ከማብሪያው ነው የሚመጣው። ይህን ለስንቱ ተናገርኩ! ማን ሽማግሌ ይሰማል!

በመጨረሻ ለሌላ ጉዳይ ዱራሜ ሄጄ እንደኔው ያረጀ የመኪና ኤሌትሪሺያን ዘንድ ጎራ አልኩ። አዲስ ዕቃ ግዛ አላለኝም። ዝም ብሎ የፊት መብራቷን ቆብ ፈታ። ውስጡ ጉድ ነው። አንዱ ሽቦ ከሬዲዮ የተነቀለ ቀጭን ነው፤ ሌላው በቁስል ፕላስተር ተጠቅልሏል፤ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት አብቅሏል። ማሳውን ፈለገ፤ ከመብራቱ ወደ ሻንሲው የሚመለሰውን ሽቦ ማለት ነው። ብሎኑ የታሰረው ቀለም ላይ ኖሯል። ቀለም ደግሞ ኮረንቲ አያሳልፍም። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያብረቀርቅ ፈገፈገው፣ አዲስ ወፍራም ሽቦ ዘረጋ፣ በርበሬ የሚያህለውን የእጀታውን ማብሪያ ፈትቶ የመዳብ ምላሶቹን አጸዳ። ከዚያ ያንኑ የድሮውን የ6 ቮልት አምፖል መልሶ ተከለና «አስነሳት» አለኝ። በራች! የአጥሩ ቆርቆሮ ላይ የተጻፈውን አነበብኩ።

ምክንያቱን ሲያስረዳኝ ልቤ ረካ። ወደ አምፖል ከሚደርሰው ቮልት ከመቶ 10 ቢጎድል ከብርሃኑ የሚጎድለው 10 አይደለም፤ ሲሶ ያህሉ ነው። በ12 ቮልት ሞተር ላይ የዛገ ሽቦ ግማሽ ቮልት ቢበላ ከመቶ 4 ነው፤ በእኔዋ 6 ቮልት ላይ ግን ከመቶ 8 ይሆናል። ድሃ ቤት የገባ ሌባ ማለት ነው፤ የሚወስደው ትንሽ ቢሆንም ቤቱ ያለው ያ ብቻ ነው። 12 ቮልት ይሁንልኝ የሚል ሰውም መንገድ አለው አለኝ፦ ጥቅልሉን ጠምጣሚ ዘንድ ወስዶ ማስተካከል፣ ወዲያና ወዲህ የሚለውን ኮረንቲ ባንድ አቅጣጫ የሚያስኬድና የሚመጥን ሬክቲፋየር ሬጉሌተር መግጠም፣ አነስተኛ ባትሪ፣ ፊውዝ፣ ከዚያ በራሱ መስታወት የተሠራ ኤልኢዲ። አምፖሉ የሚገዛው መጨረሻ ላይ ነው። ልጆቻችን የሚጀምሩት ከመጨረሻው ነው።

ለእህቴ ልጅ ይህን ስነግረው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ከሚያወጡ ለምን ኤሌክትሪክ ሞተር አይገዙም?» መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይቺ ነገር አፋቸው ላይ ነች። ኤሌክትሪክ! አንዲት አምፖል እንዲህ ያንከራተተችኝ ሰውዬ አሁን ደግሞ ጎማውንም ለኮረንቲ አሳልፌ ልስጥ?

ደስታዬ ግን አልቆየም። መብራቷ ስትበራ መንገዱን አየሁት። ለካ ያን ሁሉ ዘመን የምሄደው በእምነት ነው! ያ ጉድጓድ፣ ያ የተሸረሸረ ጠርዝ፣ ያ ድልድይ ተብዬ ግንድ… ሳላያቸው በሰላም ተሻግሬያቸው ኖሬ፣ እያየኋቸው እግሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ደግሞ እኔም ታየሁ። ድሮ በጨለማ ሸርተት እያልኩ የማልፈው ሱቅ አለ፤ ዱቤ አለብኝ። ባለሱቁ ከሩቅ ያውቀኝ ጀመር።

እናንተ የሐዴሮና የዱራሜ መንገድ ጎበዞች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የሞተራችሁ መብራት መስታወት የተሠራው ብርሃኑ ከአንዲት ቀጭን ክር፣ ከተወሰነች ነጥብ እንዲነሳ ታስቦ ነው። ርካሹ ኤልኢዲ ነጥቡን ይስታል፤ ብርሃኑን መንገዱ ላይ ሳይሆን ዛፍ ላይና የሰው ዓይን ውስጥ ይበትነዋል። እናንተ አያችሁ እንጂ እኔ ታወርኩ። ቢያንስ ሞተሩን ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፤ ሰው ይቀመጥበት፤ አጭሩን መብራት አብሩ። የብርሃኑ ማዕከል ከመብራቱ ቁመት ጥቂት ዝቅ ብሎ ካላረፈ ብሎኑን አላልታችሁ ዝቅ አድርጉት። ለዚህ ደግሞ ገንዘብ አይጠየቅም፤ አንድ መፍቻ ብቻ ነው።

ሌላው ልመናዬ ለአንባቢ ነው። ዱራሜ ላይ የተተከለችልኝ አምፖል የመጨረሻዬ ነበረች፤ የኋላው ሞተና ተከተለችው። ሆሳዕና፣ ዱራሜ ወይም አረካ በአንድ አሮጌ መለዋወጫ ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ የለበሰ የ6 ቮልት፣ ባለ 25/25 ዋት አምፖል ያያችሁ ካላችሁ ሁለት ግዙልኝ። ሙዱላ ደርሳችሁ «መብራት የሚያማርረው ሽማግሌ የት ነው?» ብትሉ ሕፃን ልጅ ያደርሳችኋል። ዋጋውን ከነትራንስፖርቱ እከፍላለሁ። ኤልኢዲ ግን አታምጡብኝ።